ኦክስጅኑ በሽሎ ላይ ያልቃል

እውነቱን ልናገር። "ደሴ ለድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ትሄዳለህ" ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አበሉን ነው። ቀጥሎ ሙቅ ሻወር ያለው አልጋ። ሕክምናው በሦስተኛ ደረጃ መጣ። ገጠር የሠራ ሐኪም አይፈርድብኝም፤ አምስት ሌሊት ያለ ዲዩቲ መተኛት ቀላል ነገር አይደለም።

የምሠራው ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። አገሩን የሚያውቅ ይገምታል፣ የማያውቅም ምንም አይቀርበትም። ጂፒ ነኝ፤ ጠቅላላ ሐኪም ማለት ነው። በመመሪያው እንደኛ ያለ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ሌሊት ላይ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ አንድ ጂፒ፣ ሁለት ነርስ፣ አንዲት ሚድዋይፍና ጄኔሬተር የሚያስነሳው ዘበኛ ነው። ምጥ የጠናባትን በቀዶ የሚያዋልድልን የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያም አለን። እሱ ዕረፍት ከወጣ ግን የለንም።

ከሥልጠናው ጥቂት ወራት በፊት አንድ ልጅ መጣ። ልጅ ስል ሃያ ዓመት የሚሆነው ጎረምሳ ነው። ኦፓል ሲቆፍር ገደሉ ተንዶበት ነው። በኛ በኩል ደላንታ የኦፓል አገር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድንጋዩ ያለው ገደሉ ወገብ ላይ ነው፤ ወጣቱ በዶማና በመሮ እየቦረቦረ ይገባል፤ ከላይ ያለው አፈር ደግሞ አንዳንድ ቀን ይወርዳል። የቅሬ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ እየተፈራረቁ፣ አራት ሰዓት ያህል በእግር ተጉዘው አደረሱልን። ለማያውቅ ልንገር፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ውስጥ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ውስጥ አምቡላንሱ ቅሬ ነው።

ልጁ ያወራል። በቀኝ በኩል ጎድኑ ተሰብሯል፤ ሲተነፍስ ፊቱ ይጨማደዳል። ጣቱ ላይ ያደረግነው የደም ኦክስጅን መለኪያ 86 ከመቶ ይላል። ኦክስጅን አደረግን። ካኑላ አስገባን፣ ፈሳሽ ከፈትን፣ ማስታገሻ ሰጠን። ራጅ የሚያነሳው ሰው የዚያን ቀን አልነበረም። ደረቱን በስቴቶስኮፕ አዳምጫለሁ። የቀኙ ድምፅ ዝቅ ያለ መስሎኝ ነበር። "ደሴ ያዩታል" ብዬ አለፍኩት። ከዚያ የሪፈር ወረቀቱን ጻፍኩ። ቆንጆ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ሰዓቱ፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ "ኦክስጅን በደቂቃ 10 ሊትር" የሚለውም ሳይቀር። ደሴ ተደወለ፣ ሪፈር የሚቀበለው ሊያዘን ተቀበለን። አንዲት ነርስ አብራው ወጣች። እናትየው በሩ ላይ ይዛኝ "ዶክተርዬ፣ ይድንልኛል?" አለችኝ።

"አብሽሪ እናቴ። ደሴ ከደረሰ ይድናል።"

ደሴ አልደረሰም። የበሽሎን ቁልቁለት ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ ትንፋሹ አጠረ። የአንገቱ ደም ሥር ተገተረ፣ ላብ አጠመቀው። ነርሷ ልትደውልልኝ ብትሞክር ኔትወርክ የለም። ኦክስጅኑም እዚያው አለቀ። ስትመለስ ይህን የነገረችኝ አንገቷን ደፍታ ነው፤ ጥፋቱ የሷ ይመስል።

የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ልጁ በምን እንደሞተ ይነግራችኋል። ሳንባው ተቀድዷል። አየር ወደ ደረቱ ክፍተት ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። እየተጠራቀመ ሳንባውን ይጨፈልቃል፣ ልቡን ወደ ጎን ይገፋል፣ በመጨረሻ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መንገድ ያጣል። ቴንሽን ኒሞቶራክስ ነው። ሕክምናው አየሩን የሚያስወጣ መርፌ ነው፣ ከዚያ ቱቦ። ፈተና ላይ ብትጠይቁኝ መቶ ከመቶ እመልሳለሁ። በገዛ እጄ የደረት ቱቦ ያስገባሁት ግን ኢንተርን ሳለሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ሬዚደንቱ አጠገቤ ቆሞ።

ይህን ይዤ ነው ደሴ የሄድኩት። አሥራ ስድስት ነበርን፤ ከወሎው ቦረና፣ ከወረኢሉ፣ ከመርሳ፣ ከላስታ በኩል የመጡ ሁሉ አሉ። የመጀመሪያው ጠዋት ያው እንደምታውቁት ነው። ንግግር፣ ፓወር ፖይንት፣ ሻይ ቡና። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አንቀላፍቶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አንዱ አሠልጣኝ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ይዞ ገባ። የበግ ጎድን ነው። ጊዜው የሁዳዴ ጾም ነበር። ደሴ ግን በጾም ሥጋ አይጠፋም፤ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው። ሥጋ ሻጩ "ይህን ሁሉ ለማን ነው?" ቢለው "ለአሥራ ስድስት ዶክተር" ብሎት መጣ።

ጎድኑን ካርቶን ላይ በፕላስተር አሠርነው። ከሥሩ የተነፋ ላስቲክ አደረግን፤ ሳንባ መሆኑ ነው። ከዚያ በጣትህ የጎድኖቹን ክፍተት ትፈልጋለህ። ስትቀድ ከታችኛው ጎድን አፋፍ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ደም ሥሩና ነርቩ የሚሄዱት በእያንዳንዱ ጎድን የታችኛው ጠርዝ ሥር ነው። በመቆንጠጫው እየገፋህ ሥጋውን ትከፍታለህ። በድንገት "ጧ" ይላል። ያ ድምፅ ገባህ ማለት ነው። ቱቦውን ገና አትከትም። መጀመሪያ ጣትህን ታስገባና ዙሪያውን ትዳስሳለህ፤ ሳንባው መጣበቅ አለመጣበቁን፣ ጉበት አለመሆኑን። ከዚያ ቱቦው።

የመጀመሪያውን ስሠራ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አምስተኛው ላይ ቆመ። አሥረኛው ላይ ከጎረቤቴ ጋር እያወራሁ ነው የሠራሁት። በበጉ ቅልጥም ደግሞ የአጥንት መርፌ ተለማመድን፤ ደም ሥሩ አልገኝ ላለ ሕፃን ፈሳሽና መድኃኒት በቅልጥሙ በኩል ይሰጣል። ማታ ራት ላይ የሚጾመውም የማይጾመውም ሽሮ አዘዘ።

የመርፌው ቦታ መቀየሩን የሰማሁትም እዚያ ነው። እኛ የተማርነው ከጡት በላይ፣ ሁለተኛው የጎድን ክፍተት ላይ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤቲኤልኤስ፣ ማለትም የአደጋ ጉዳተኞች ሕክምና ሥልጠና፣ አሥረኛ እትም ግን ለአዋቂ ሰው በብብት በኩል፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው ክፍተት ይሻላል ብሏል። ከላይ በኩል የደረት ሥጋ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ሳይደርስ ይቀራል። ይህ ከተቀየረ ስንት ጊዜው ነው! ለኛ የነገረን ሰው አልነበረም።

ኤቲኤልኤስ ራሱ እንዴት እንደተወለደ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። የትልልቅ ከተማ ፕሮፌሰሮች ቁጭ ብለው ያወጡት ይመስለኝ ነበር። ጄምስ ስታይነር የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ቀዶ ሐኪም በ1976 እ.ኤ.አ. ራሱ የሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን ነብራስካ ውስጥ ማሳ ላይ ተከሰከሰች። ሚስቱ ሞተች፣ ልጆቹ ክፉኛ ተጎዱ። በአቅራቢያው ወደነበረች ትንሽ የገጠር ሆስፒታል ቢወሰዱ ማን ምን ቀድሞ እንደሚሠራ የሚያውቅ ጠፋ። ሰውየው በጨለማ ማሳ ላይ እሱ ለልጆቹ ያደረገላቸው ሆስፒታሉ ካደረገላቸው ይሻል ነበር። ያ እልህ ነው ከባልደረቦቹ ጋር በ1978 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሥልጠና ያስጀመረው። ለገጠር ሐኪም ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው እንግዲህ። ወደኛ ገጠር ለመድረስ ግን ከተማ ለከተማ ዞረ። አገራችንም ውስጥ ድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ የሆነው ቅርብ ጊዜ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሬዚደንሲውን የጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ስለ ፈሳሽ ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ደነገጥን። ሰው ራሱን ስቶ፣ እጁ ቀዝቅዞ ሲመጣ የኛ እጅ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል፤ ሳላይን ከፍቶ መልቀቅ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ፊስት የሚባል ጥናት አለ። ዩጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ ከ3,000 በላይ ትኩሳት ያለባቸውና ደም ዝውውራቸው የተዳከመ ሕፃናት ላይ የተሠራ ነው። ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው ሕፃናት ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ሞቱ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዛምቢያ ውስጥ ሴፕሲስ፣ ማለትም ሰውነትን በሙሉ የሚያውክ ኢንፌክሽን፣ ያለባቸው አዋቂዎች ላይ የውጪውን ፕሮቶኮል ሞከሩ። ፈሳሹን በብዛት ካገኙት 48 ከመቶው፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 ከመቶው ሞተ። ትንፋሽ የሚያግዝ ማሽን በሌለበት ቦታ ሳንባው በውሃ የተሞላ ሰው ወዴት ይሄዳል? አሠልጣኙ ይህን ብሎ ዝም አለ። ልብ በሉ፣ ይህ ደም ለፈሰሰው ወይም በተቅማጥ ለደረቀው አይደለም፤ እነሱ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ግን ሁሉም ቀዝቃዛ እጅ አንድ አይደለም።

ከዚያ ስለ ኦክስጅን መጣ። የአምስቱ ቀን ሥልጠና ለኔ ያቺ ሃያ ደቂቃ ናት።

ሰሌዳው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ የሲሊንደሩ ሊትር ሲባዛ ጌጁ በሚያሳየው ግፊት (ባር)፣ ሲካፈል በደቂቃ ለምትሰጠው ሊትር። የኛ አምቡላንስ ሲሊንደር 10 ሊትር የሚባለው ነው። ጌጁ 100 ላይ ከሆነ 1,000 ሊትር ኦክስጅን አለህ ማለት ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ከሰጠህ 100 ደቂቃ። አንድ ሰዓት ከአርባ።

ከኛ ሆስፒታል ደሴ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ክረምት ከሆነ አትቁጠረው።

ደብተሬ ላይ አሰላሁት። አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አምቡላንሱ የት ይደርሳል? በሽሎ። እንደገና አሰላሁ። በሽሎ። ያ ልጅ ከግቢያችን ሲወጣ ኦክስጅኑ የሚያልቅበት ቦታ ታውቆ ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነን። ደረቱ ውስጥ ያለው አየር ደግሞ ቱቦ ሳይገባለት ነው የሄደው። ዳገት ሲወጡ የታመቀ አየር ጥቂትም ቢሆን ይሰፋል። ሻይ ቡና ሲባል ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ ጥያቄ አነሳሁ። መጽሐፉ ጉዳት ለደረሰበት ሰው መለኪያውን 94 ላይ አድርስ ይላል። እኛ ጋ ግን ደጋ ነው፤ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ጤነኛ ገበሬ ጣቱ ላይ ብታደርግለት 90 ወይም 91 ሊያሳይህ ይችላል። እዚያ ላይ 98 አያለሁ ብለህ ኦክስጅኑን አንቧትተህ ከከፈትክ ለመንገድ የሚሆነውን ግቢህ ውስጥ ጨረስከው። ረጅም ክርክር ሆነ። የላስታዋ ሐኪምም የኔ ችግር ነበረባት፤ አሠልጣኙም በቀና አየው። ቱቦውን አስገብተህ፣ ሕመሙን አስታግሰህ፣ በ4 ሊትር የሚይዝልህ ከሆነ በ4 ሊትር ላከው። ቱቦ ያልገባለትን በ10 ሊትር ከመላክ ቱቦ የገባለትን በ4 መላክ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ሥልጠናውን በሙሉ በመንገዱ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ለምሳሌ ማግኒዚየም። እርግዝና ላይ የሚጥላትን ሴት በደም ሥር 4 ግራም፣ በሁለቱ መቀመጫ ደግሞ 5፣ 5 ግራም እንሰጣታለን። ተማሪ ሳለሁ በጡንቻ መውጋቱ ኋላ ቀር ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ መኪና ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር ሳትቆጥር አራት ሰዓት ይይዝልሃል። ለኛ ለወሎ ዳገት የተሠራ ነው የሚመስለው።

ትራኔክሳሚክ አሲድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ደም የሚያቆም ርካሽ መድኃኒት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ክራሽ ሁለት የሚባለው ጥናት በ40 አገር ከ20,000 በላይ ሰው ላይ ተሠርቶ ሕይወት እንደሚያድን አሳይቷል። ግን ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ከዚያ በኋላ ሊጎዳም ይችላል። አሁን ቅሬው አራት ሰዓት ተሸክሞ ያመጣልኝን ሰው አስቡት። መድኃኒቱ እኔ ሣጥን ውስጥ አለ፣ ሰዓቱ ግን ገደሉ ሥር ቀርቷል። መሆን ያለበት ጤና ጣቢያው ላይ ነበር፤ መጠኑን የምታውቅ አንዲት ነርስ ይዛው።

ቅሬታዬም ይህ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው አሥራ ስድስታችንም ዶክተሮች ነን። አንድ ነርስ የለም፣ አንድ የጤና ጣቢያ ሰው የለም። በሽተኛውን ይዞ ገደል የሚወርደው ማነው? እኔ ነኝ? እኔ እኮ ግቢ ውስጥ ቀርቼ ሌላ በሽተኛ አያለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር ሆኖ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና እንኳ ለነርሱም ለሐኪሙም የታሰበ ነው። "አድቫንስድ" የሚል ቃል ሲጨመርበት ግን የኛ ሰው ወዲያው ዶክተር ብቻ ይጠራል። ዶክተሩ ደግሞ አይቆይም። ከአሥራ ስድስታችን ሦስቱ ሰርተፊኬታቸው ሳይደርቅ ለቀዋል። አልፈርድባቸውም። ሾፌሩና ነርሷ ግን እዚያው ናቸው፤ አገራቸው ነው።

ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ አበሌ ላይ ትንሽ ጨምሬ በግ ገዛሁ። ጎድኑ ለትምህርት፣ የቀረው ለወጥ። ሰው በነፍስ ወከፍ ተጠራ፤ ወጥ አለ ከተባለ ዲዩቲ የሌለበትም ይመጣል። ነርሶቹ ቱቦ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ቱቦው የሚፈስበት ጠርሙስ ከደረት በላይ ለምን እንደማይነሳ፣ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ ተለማመዱ። ያቺ ያኔ አብራው የሄደችው ነርስ መርፌውን ስታስገባ ሁለት ጊዜ "እንደገና ልሥራው" አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ሾፌራችን በዕድሜ አባቴ ይሆናል፣ ጋሼ ነው የምለው። ጥግ ላይ ቡና ይዞ ቆሞ የኦክስጅኑን ስሌት ሲሰማ ቆየና "ናፍጣ ማለት ነዋ" አለኝ።

"እንዴት?"

"ጌጁን አይቼ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬደኝ አላውቅም? ያው ነው። ዳገት ላይ ይበላል፣ ሜዳ ላይ ይቆጥባል። ዋናው ሳይነሱ ማየት ነው።"

አሥራ ስድስት ዶክተር ግማሽ ቀን የተከራከረበት ነገር በአንድ ሲኒ ቡና ተዘጋ። እሱ ነው ደግሞ እኛ የማናውቀውን የነገረን። ኔትወርክ የሚቋረጠው የት እንደሆነ፣ መኪና ቆሞ በሽተኛ ማየት የሚቻልበት ደልዳላ ቦታ የት የት እንዳለ፣ የትኛው ጠጠር ላይ ቃሬዛው እንደሚዘል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እየጎተቱ በዚህ አገር ሲያልፉ መንገዱን እየቆረጡ ነበር የሄዱት። ከዚያ ወዲህ ይህን ገደል እንደ ጋሼ ያጠናው ሰው ያለ አይመስለኝም። አንድ ደንብ አወጣን። ቁልቁለቱ ሳይጀመር፣ ኔትወርክ ያለበት የመጨረሻ ቦታ ላይ ቆሞ መደወል። ትንፋሹ፣ ቱቦው፣ ጌጁ።

ባለፈው ወር ሌሊት ላይ ከአይሱዙ ላይ የወደቀ ልጅ መጣ። ግራ ደረቱ ድምፅ የለውም። ራጅ አልጠበቅኩም። ጎድኑን ቆጠርኩ፣ ቀደድኩ፣ "ጧ" አለ፤ አየሩ ሲወጣ ነርሷም ሰማችው። መለኪያው ከ79 እየተንጠላጠለ 90 ገባ። ጎህ ሲቀድ በ4 ሊትር ተነሱ። ሲነሱ ጌጁ 120 ነበር።

ሃምሳ ደቂቃ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

"ዶክተር፣ 100 ላይ ነው። ቱቦው ደህና ነው ትላለች ሲስተር። ልወርድ ነው።"

"ውረዱ ጋሼ።"

ከዚያ ዝም። ክፍሉን የምታጸዳው ሴትዮ ወለሉን አጠበች። ሁለት ሕፃናት አየሁ። አንዷ ቶንሲል ነበረባት፣ የሌላውን አላስታውስም። ረፋድ ላይ እንደገና ጮኸ።

"ደርሰናል። ከ30 በላይ ተርፎናል።"

"ጋሼ፣ ልጁስ?"

"እሱማ ኮንጎዬ የት ገባ እያለ ሲስተርን ያስቸግራታል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዱ አልጋው ሥር ነበር።